በራስ ትከሻ

በጽድ ግቢ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ሽማግሌ ይመዘናል። ሚዛኑ ያለው ከብሎኩ መግቢያ፣ ድሮ ዘበኛ ያድርባት በነበረችው የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ነው፤ አሁን ጎጆዋ የጤና ሚኒስቴር ናት። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሁሉ ጫማውን አውልቆ፣ ጋቢውን ለልጁ ሰጥቶ ይወጣበታል። የጤና ሚኒስትሩ ውጤቱን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሕዝቡ በየበረንዳው ቆሞ ይሰማል። ለቀነሰ ይጨበጨባል። ለጨመረ ዝም ይባላል፤ በጽድ ግቢ ደግሞ ዝምታ ከስድብ ይከፋል።

በዚያ ሰኔ ጋሽ ኪሩቤል ጨምረው ተገኙ።

«ውሃ ነው» አሉ ከሚዛኑ ሳይወርዱ። «ጠዋት ውሃ ጠጥቼ ነው የወረድኩት።»

«ይኼን ሁሉ ውሃ ከጠጡትማ ጉድጓዳችን ደርቋል ማለት ነው» አሉ እትዬ ሜላት። እትዬ ሜላት የዓመቱ ፕሬዚዳንት ናቸው። ፕሬዚዳንትነት በጽድ ግቢ እንደ ደረጃ ጠረጋ በተራ የሚደርስ ሥራ ነው።

ከበረንዳ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። የጋሽ ኪሩቤል ልጅ ሶልያና አባቷን ክንዳቸውን ይዛ አወረደቻቸውና ጎንበስ ብላ ጫማቸውን አጠለቀችላቸው። እትዬ ሜላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ሶልዬ፣ ይቅለሉ እንግዲህ» አሏት። «እሺ» አለች። 

ጽድ ግቢ አንድ ብሎክ፣ አንድ ጓሮ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድና ስሙን ያወጣለት አንድ ያረጀ ጽድ ያለው አገር ነው። ባንዲራ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የነጻነት ቀንም አለው፤ የነጻነት ቀኑን ያከበረበት ዓመት ግን ጥቂት ነው፤ ሁልጊዜ ዝናብ ይገጥመዋል። ከተማው እንዴት እንዲህ እንደሆነ ብትጠይቁ ደህና አድርጎ የሚነግራችሁ አታገኙም። መጀመሪያ አጥር ነበር። ቀጥሎ ዘበኛ መጣ፣ ቀጥሎ የራስ ጄነሬተር፣ ቀጥሎ የራስ ጉድጓድ፣ ቀጥሎ የራስ መተዳደሪያ ደንብ። ከተማው ሥራው አንድ በአንድ ሲወሰድበት ከርሞ አንድ ቀን የሚሠራው ጠፋ። ማንም አልተገነጠለም፤ ሁሉም በሩን ዘጋ እንጂ።

እነዚህ አገሮች በተፈራረሙት ስምምነት ላይ የተጻፈው ስማቸው «ንዑስ ሉዓላዊ አገር» ነው። ይህን የሚሉት ስምምነቱን የሚጠብቁት ታዛቢዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም በጽሑፍ። ሰው «ቁራሽ» ነው የሚላቸው። ቁራሽ የሚባለው ግን ሁልጊዜ የሌላው አገር ነው። የጽድ ግቢ ሰው ጎረቤቱን ላይ ጠጠርን ቁራሽ ይላል፤ የላይ ጠጠር ሰው ጽድ ግቢን ቁራሽ ይላል፤ ሁሉም ራሱን ሙሉ ዳቦ አድርጎ ያያል። ጋሽ ኪሩቤል ብቻ የገዛ አገራቸውንም ቁራሽ ይሉት ነበር፣ ያውም በስብሰባ ላይ። አገሩ የፈረሰበት ሰው ደግሞ ሌላ ስም አለው። «ፍርፋሪ» ይባላል።

አገር የሚፈርሰው በጦርነት አይደለም። እነዚህ አገሮች ሁሉ የተወለዱት ከእድር ነው፤ ደንቡን የጻፉት የእድር ዳኞች ናቸውና መለኪያውም የእድር መለኪያ ሆነ። ሬሳውን በራሱ ትከሻ ከቤቱ እስከ መቃብሩ የሚያደርስ ሕዝብ አገር ነው። ማድረስ ያልቻለ፣ ወይም በመንገድ የባዕድ እጅ ቃሬዛውን የነካበት፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አገር አይደለም፤ ጉድጓዱንም ግቢውንም የቀብሩ መንገድ የሚያልፍበት ጎረቤት አገር ይወስዳል። መኪና አይቆጠርም። ሲጻፍ ጥሩ ሕግ ይመስል ነበር። ያኔ ሁሉም ወጣት ነበረ።

ሬሳ ሲያልፍ አይቶ ትከሻውን ሳይሰጥ መቀመጥ የማይችል ሕዝብ ይህን ሕግ ለራሱ ማውጣቱ እስከ ዛሬ ይገርማል። ታች ዋርካ የሚባለው አገር ያለቀው በክፋት አልነበረም። አንዲት አሮጊታቸውን ተሸክመው ሲወጡ የፊተኛው ሰው አዳለጠው፤ መንገድ ዳር በቆሎ ትጠብስ የነበረች የሌላ አገር ሴት «እኔን!» ብላ ማራገቢያዋን ጥላ ሮጠች፣ ከኋላዋ ሦስት ሰው ተከተለ፣ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ተያዘ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ማምሻውን የታች ዋርካ ባንዲራ ወረደ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ታች ዋርካን የበላው ይህ ነው። ወጣቶቹን ጎረቤቶቻቸው ተቀራመቷቸው። ሽማግሌዎቹን የሚፈልግ አልተገኘም። ዛሬ ከቀለበት መንገዱ ድልድይ ሥር ይቀመጣሉ፤ ለማኝ አይደሉም፣ ምክንያቱም ለመለመን የሆነ አገር ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ ቀብር በወጣ ቁጥር መንገዱ ግራና ቀኝ ገመድ ይወጠራል። ገመዱን የሚይዙት «ከልካይ» ይባላሉ። የሚከለክሉት ሌባ አይደለም፣ ደግ ሰው ነው።

በጽድ ግቢ ቃሬዛ የሚችል ትከሻ አራት ነው። ሶልያና አንዷ ናት፤ ሴት ቃሬዛ አትሸከምም የሚለው ነገር ከወጣቶቹ ጋር አብሮ ሄዷል። ሁለቱ የእትዬ ሜላት የልጅ ልጆች ናቸው፣ ረጃጅም እህትማማቾች። አራተኛው ጄነሬተር የሚያስነሳው ብሩክ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ችግር አለበት፣ ስለ ጉልበቱ ግን በይፋ አይወራም። የሚቀባበል የለም። ሌሎቹ ልጆች አብረው ስላደጉ እርስ በርስ እንደ እህትና ወንድም ሆኑና ሚስትም ባልም ፍለጋ በየአገሩ ሄዱ። በቁራሽ አገር ማግባት ማለት መሰደድ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው መቅለል አለበት። ከሚዛን ያለፈ ሰው ቢያንስ ለአንድ ወር ከእራት ይታገዳል፣ ምሳውም ይቀነሳል። ቅጣት አይባልም፤ «ማቅለል» ይባላል። የሚያቀልለውም መንግሥት አይደለም፣ የገዛ ቤተሰቡ ነው።

ሶልያና ምሳ የምታቀርበው በሻይ ሰሃን ነበር። አንድ ጭልፋ ሽሮ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል እንጀራ። አባቷ በልተው ሲጨርሱ ሰሃኑን በጣታቸው ይጠርጋሉ፣ ጣታቸውን ያዩታል፣ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። እሷ ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትበላ ነበር። መብላት ያለባት ለትከሻዋ ነው፤ ይህም በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ስትበላ ምንም አይሰማትም ነበር። ይሄ ምንም ያለመሰማት ከየት እንደመጣ ራሷም አልጠየቀችም፤ በጽድ ግቢ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው፣ ኑሮም ይሄዳል።

ሰሃኑ ከሻይ ሰሃን የማይበልጥ ሰው ታዲያ በምን ይወፍራል? ከምዘናው በኋላ ባለው ማክሰኞ አልጋውን ልታነጥፍ ፍራሹን ስታነሳ የዶሮ አጥንት አገኘች። በደንብ የተጋጠ፣ በፌስታል የተጠቀለለ የፈረሰኛ አጥንት ነበር።

ጋሽ ኪሩቤል አዩዋት። «እሱ የቆየ ነው» አሉ።

«አባዬ፣ አሁንም ይሸታል።»

«እንግዲህ ወጡ ጥሩ ነበር ማለት ነው።»

ከመኝታ ቤቱ ውጭ ጠባብ በረንዳ አለ። ከዚያ በረንዳ ፊት ለፊት፣ እጅ ተዘርግቶ ሊደርስ ጥቂት በቀረው ርቀት፣ የላይ ጠጠር ብሎክ በረንዳ አለ። በመካከል ያለው አየር ዓለም አቀፍ ነው። ነፋስ የወሰደው ካልሲ እንኳ በሁለቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች በኩል ነው የሚመለሰው፤ ሁለቱ እግር አብሮ ተመልሶ አያውቅም። ያኛው በረንዳ የወንድሟ የኖላዊ ነው። ኖላዊ ላይ ጠጠር ካገባ ቆይቷል፣ ልጆችም ወልዷል፣ ዜግነቱም ተቀይሯል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲሉ የኖሩ ሰዎች ልጅ ነውና ሁለቱንም ሆኖ ነበር፣ ዘመድም ጎረቤትም፤ ሆኖም አባቱን ለመጎብኘት ቪዛ ያስፈልገዋል፣ ቪዛውም ለበዓል ብቻ ነው።

ሶልያና በረንዳው ላይ ወጥታ ጠበቀችው። ኖላዊ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሊወጣ ሲል አያትና ቆመ። ከበሩ አጠገብ የመጋረጃ ዘንግ ተደግፎ ነበር፣ ጫፉ ላይ ሜንጦ የታሰረበት። አላፈረበትም።

«በዘንግ ነው የምትልክለት?» አለችው።

«በምን ልላክለት? በፖስታ?»

«ኖላዊ፣ ጨምሯል። ሕዝብ ፊት ተነበበ።»

«ስለበላ ነዋ የጨመረ። ሰው ሲበላ ይጨምራል።» ጀሪካኑን አስቀመጠ። «ሶሊ፣ ረሃብ ነው እኮ የምታደርጉት። ሌላ ስም አትስጡት። አባታችንን ነው እያስራባችሁት ያላችሁት።»

«የምሸከመው እኔ ነኝ። አንተ ሄደሃል።»

ይህን ስትል ድምጿ አልተለወጠም። ኖላዊ ወደ ታች አየ። ከታች፣ የጽድ ግቢ አጥር ጋ፣ የላይ ጠጠር ሰዎች በጠዋት የተሰለፉበት የውሃ ወረፋ ይታይ ነበር። ጽድ ግቢ ውሃውን ይሸጥላቸዋል፤ እነሱም ውሃ በሚገዙበት አገር ውስጥ ስንት ሽማግሌ እንዳለ፣ ማን እንደሳለ፣ ማን በከዘራ መሄድ እንደጀመረ ያውቃሉ። የኖላዊ ልጆችም ሰልፉ ውስጥ ነበሩ።

«ወደኛ ኑ» አለ በመጨረሻ። «ጠይቄላችሁ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«አንቺን ይቀበሉሻል።»

«እሱንስ?»

«ሽማግሌ ሞልቶናል አሉ።»

«እትዬ ሜላትንስ? ከታች ያሉትን ሁሉስ?» መልስ አልጠበቀችም። እናታቸው ከሞተች በኋላ ሁለቱንም ያሳደጓቸው እትዬ ሜላት ናቸው፤ ጡጦ የያዙላቸው፣ ለትምህርት ቤት ጸጉራቸውን ያበጠሩላቸው። ጽድ ግቢ ቢፈርስ እትዬ ሜላት ከድልድዩ ሥር ናቸው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። «ከእንግዲህ ዘንጉን አትላክ» አለችውና ገባች። ቁም ሳጥኑን ገፍታ የበረንዳውን በር ዘጋችበት። ጋሽ ኪሩቤል አልጋቸው ላይ ሆነው ስትገፋ አዩዋት፤ ቁም ሳጥኑ ከባድ ነበር፣ እሷም አልተንገዳገደችም አላቃሰተችም።

«ጎበዝ» አሉ። «ትከሻሽ ደህና ነው።»

ከዚያ ወዲያ ቀለሉ። በሐምሌ ተጨበጨበላቸው። በረንዳ ላይ ያለው ሁሉ ሲያጨበጭብ ጋሽ ኪሩቤል ከሚዛኑ ላይ ሆነው እጃቸውን እንደ መሪ አነሱና «በቁራሽ አገር ቁራሽ መከልከል!» ብለው አሳቋቸው። ሲወርዱ ሶልያና ላይ ተደገፉ። ክንዳቸው በሸሚዙ ውስጥ ቀጥኖ ነበር። እሷ ግን ያን ጊዜ ያሰበችው ደረጃውን ነው፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ስንት ጊዜ ማረፍ እንዳለባቸው።

በነሐሴ መነሳት አቃታቸው። ዝናቡ መስኮቱን ሲመታው ይውላል፤ እሳቸው ወደ ቁም ሳጥኑ ዞረው ይተኛሉ፣ ከኋላው ያለውን በረንዳ የሚያዩ ይመስል።

«ተርቤያለሁ» አሏት አንድ ከሰዓት። ቅሬታ አልነበረም፤ ዝናብ መጣ እንደማለት ነበር የተናገሩት።

«እትዬ ሜላትን ላስፈቅድልህ?»

«ተያት። እሷም ተርባለች።» ጋቢያቸውን ሳቡ። «እናቴ ስትመርቀኝ ቀባሪ አያሳጣህ ትለኝ ነበር። ሌላ ምርቃት አታውቅም። እኔም ሁለት ወለድኩ።»

«አለሁ እኮ አባዬ።»

«አንቺማ አለሽ» አሉና እጇን መታ መታ አደረጉት። «ኖላዊን ነው የምልሽ። ወጥቶ ገመድ ጥሶ እንዳይመጣ። ታውቂው የለ፣ ሲናደድ አያስብም። ንገሪው።»

ልትነግረው አስባ ነበር። ለዚያ ቁም ሳጥኑን ማንሳት ነበረባት፤ ቁም ሳጥኑን ካነሳች አባቷ ልጃቸውን ያያሉ፣ ልጃቸው ደግሞ ቀጥነው ያያቸዋል። ነገ አለች። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ይዛ ስትገባ ሞተው አገኘቻቸው። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወርዳ ለእትዬ ሜላት ነገረች። እትዬ ሜላት ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ፣ «ወይኔ ወንድሜን» አሉ፣ አለቀሱም። አልቅሰው ሲያበቁ «ብሩክ ጉልበቱ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ጥሩምባ ተነፋ፣ ለታዛቢዎች ተላከ። ታዛቢዎቹ የመጡት ጃንጥላ ይዘው ነው። አለቃቸው አቶ ቅዱስ ከከተማው ማዶ ካለ አገር የመጡ፣ ትሕትና ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ሬሳው ካለበት ክፍል ገብተው ተሰናበቱ፣ ሶልያናን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት፣ ከዚያ የአራቱን ተሸካሚዎች መታወቂያ አዩ። ቁም ሳጥኑ እዚያው ነበር። ከበስተጀርባው፣ በሌላ አገር፣ ሰው ሲያለቅስ ይሰማ ነበር። አቶ ቅዱስ ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ።

መንገዱ አጭር ነው። ከጽድ ግቢ በር ወጥቶ የላይ ጠጠርን ኮብልስቶን ዳገት ይወጣል፤ ዳገቱ ሲያልቅ ሜዳ ነው፤ ከሜዳው ማዶ የደብሩ በር አለ። ደብሩም ለብቻው አገር ነው። የድሮ ሰው ልጁን አንጠልጥሎ የሚወጣው ዳገት ነበር። አሁን ግራና ቀኝ ገመድ ተወጥሮበት፣ ከገመዱ ኋላ የላይ ጠጠር ሕዝብ ቆሟል፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ አለ፣ ጀሪካን የያዘም አለ። ሁለቱንም ያደረገም አለ። ጋሽ ኪሩቤልን የማያውቅ አልነበረም። ግማሹ ከልቡ ያለቅሳል፤ የሚያለቅሰውም የሚጠብቀውም ያው ሰው ነው።

ሶልያና የኋላውን ቀኝ ያዘች። ብሩክ ከፊቷ በቀኝ፣ እህትማማቾቹ በግራ። ከኋላቸው እትዬ ሜላት በከዘራቸው፣ ከእሳቸው ኋላ የቀረው የጽድ ግቢ ሕዝብ በሙሉ፣ ዝናብ እየወረደበት። አባቷ ቀልለዋል ተብሎ ነበር። ትከሻዋ ላይ ሲያርፉ ግን ከበዱ። የሞተ ሰው ከቆመው ይከብዳል ሲባል ሰምታለች፤ ሚዛን ላይ የሚያወጡት የቆመውን ነው።

ዳገቱን አጋምሰው ነበር። ከገመዱ ኋላ አንዲት ሴት «ጎበዝ፣ በርቱ» ስትል ሰማች፤ ሌላው «ዝም በይ» አላት። ድንጋዩ ታጥቦ ያንሸራትታል። ብሩክ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ። ሶልያና የማውቀው ድምፅ ነው ብላ አሰበች፤ ደረጃ ሲወጣ እንደዚያ ነው የሚተነፍሰው፣ ከሦስተኛው ፎቅ በፊት። ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈ።

አልወደቀም። በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከና የቃሬዛው ቀኝ ፊት ወደ ታች አዘመመ። ሸክሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እሱ ፈሰሰ፤ ሶልያና ልትይዘው ሞከረች፣ እግሯ ከድንጋዩ ላይ ተንሸራተተ። «እኔን!» አለ ሕዝቡ፣ ሁሉም በአንድ አፍ፣ ገመዱም ወደ መንገዱ ተገፋ። ከልካዮቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ገፉት። አንዱ ከልካይ ራሱ እጁን ዘርግቶ ነበር፣ አየና መለሰው።

በሶልያናና በብሩክ መካከል፣ ከቃሬዛው ሥር፣ አንድ እጅ ገባ።

እጁን አወቀችው። አመልካች ጣቱ ላይ በሕፃንነቱ በር የዘጋችበት ጠባሳ አለ። ኖላዊ ገመዱን በሥሩ አልፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከእንጨቱ በታች መዳፉን አስቀምጦ ነበር፤ ነጠላው ወድቆ እጁን እስከ ክንዱ ሸፍኖታል። ብሩክ ተነሳ። ቃሬዛው ተስተካከለ። ሸክሙ ከትከሻዋ ላይ ቀለለ።

ልትጮህ ይገባት ነበር። ክርኗን ብታነሳ ይበቃ ነበር። ፊቱን አላየችም፣ የእሱን ትንፋሽ ብቻ ከጎኗ ሰማችው፤ ከፊት የብሩክ፣ ከጎን የእሱ። ተራመዱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ተሰማት፤ ደስታ ነበር፣ አፈረችበት። ወንድምና እህት ሆነው አባታቸውን ይዘው ዳገቱን ወጡ፣ እስከ ሜዳው።

ሜዳው ላይ ፊሽካ ተነፋ።

አቶ ቅዱስ በግራ በኩል ነበሩ የሄዱት፣ ከቃሬዛው ማዶ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ዞረው መጡ። ኖላዊ እጁን አውጥቶ ቆሞ ነበር፣ ከቃሬዛው አንድ እርምጃ ርቆ፣ ነጠላው መሬት ነክቶ ጭቃ ይዟል። ከገመዱ ኋላ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ዳገቱን ተከትሎ ወጥቶ ነበር። 

«የላይ ጠጠር ዜጋ ነዎት?» አሉ አቶ ቅዱስ።

«ነኝ።»

«ለሟች ምን ነዎት?»

«ልጅ።»

አቶ ቅዱስ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ገመዱን አልፈው መምጣትዎን አይተናል። ለእሱ አገርዎ ይጠይቅዎታል። እኔን የሚመለከተኝ ሌላ ነው። ከማዶ ስለነበርኩ አላየሁም፤ ጓዶቼም አላዩም። እንዲህ ሲሆን ደንቡ የባዕዱን ቃል ነው የሚቀበለው። ስለሌላ ሰው አገር ለመዋሸት ምክንያት የለውም ተብሎ ነው። ቃሬዛውን ነክተዋል?»

ከሕዝቡ ውስጥ አንድ ጎልማሳ «ነክቷል፣ ይናገር!» አለ። ጀሪካን ይዟል። ኖላዊ ወደ ድምፁ ዞሮ አየ፤ የሚያውቀው ሰው መሆን አለበት፣ የደረጃ ጎረቤቱ። ከሰውየው ጎን የኖላዊ ትልቋ ልጅ ቆማ ነበር፤ እሷም ጀሪካን ይዛለች። ነክቻለሁ ቢል ጉድጓዱ የላይ ጠጠር ይሆናል፣ ከነገ ጀምሮም የውሃ ሰልፍ አይኖርም። ነክቻለሁ ቢል አባቱን ከተሸከሙት አንዱ ነው፤ ይህም በታዛቢ ፊት፣ በማኅተም፣ ለዘላለም ይጻፋል። ከዚያ ወደ ጽድ ግቢ ሰዎች ዞረ። እትዬ ሜላት ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቆመው ነበር። አልለመኑትም። ጸጉራቸው በዝናቡ ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ፣ በአንድ ጊዜ በጣም ያረጁ ሆነዋል።

በመጨረሻ ሶልያናን አያት። እሷ ከቃሬዛው ሥር ናት፣ አንገቷን ማዞር አትችልም፤ በዓይኗ ብቻ መለሰችለት። ምን እንዳለችው እሷም አታውቅም።

«ይማሉ» አሉት አቶ ቅዱስ።

«አባቴ ይ...» አለ ኖላዊ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚምለው። ቆመ። ቃሬዛው ክንዱ የሚደርስበት ነው። ማንም አልሳቀም።

ቀኝ እጁን ከጀርባው አድርጎ፣ ግራውን ከፍ አደረገ።

«እግዜር ምስክሬ ነው» አለ። «አልነካሁትም። የአባቴን ቃሬዛ አልነካሁም።»

ከላይ ጠጠር ሰዎች መሐል አንዱ ወደ መሬት ተፋ። የጽድ ግቢ ሰዎች ከኋላ መተንፈስ ጀመሩ፤ እትዬ ሜላት «ልጄ» አሉ። አቶ ቅዱስ ቃሉን ጽፈው አነበቡለት፦ የሟች ልጅ አባቱን እንዳልተሸከመ፣ በቀብሩም እጁ እንደሌለበት። ልክ ነው ወይ አሉት። ልክ ነው አለ። ከልካዮቹ በሁለቱም ክንዱ ይዘው ከገመዱ ኋላ መለሱት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለዜጎች ብቻ ነው።

«ይቀጥሉ» አሉ አቶ ቅዱስ። ብሩክ ትከሻውን አስተካከለ፤ ሶልያና እግሯን አነሳች፣ ሸክሙም ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ።